ሰዓት ሠሪ ከሚግ አጠገብ

ቅዳሜ ጠዋት የሰዓት መጠገኛ ሱቄን ዘግቼ ከፒያሳ የወጣሁት ለሽርሽር አልነበረም፤ እናቴ ልካኝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ ደብረ ዘይት የጦር ጄት መካኒክ ነው። ለፋሲካ መጥቶ ሲመለስ፣ እናታችን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ደጃፋችን ላይ የስንቅ ዳቦ ይዛ በግራ በኩል ከኋላው ሦስት ጊዜ ተጣራች። «አቤት» ሳይል፣ ዞር እንኳ ሳይል ሄደ። ጎረቤት ሁሉ አየ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ በቤታችን አይነሳም።

«ሂድና ጠይቀው» አለችኝ። «እናት የለኝም ካለም ቁርጤን አምጣልኝ።»

ዕለቱ የአየር ኃይሉ ሠራተኞች ቤተሰብ ጄቶቹን እንዲያይ የተፈቀደበት ነበር። የቀበሌ ደብዳቤዬን በደረት ኪሴ ይዤ፣ በስሙኒ ውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ። እንደ ቀበሌ ስብሰባ ፊት ለፊት ተፋጠን እስከ ለገሃር ወረድን፤ ከዚያ በባቡር።

ከአቃቂ በኋላ ጥቁሩ መሬት ለጤፍ እየታረሰ ነበር። በግራ የረር፣ በቀኝ ዝቋላ። ዱከም ላይ በመስኮት አንድ ስኒ ቆሎ በዐሥር ሳንቲም ገዛሁ። ቆሎው ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ለወንድሜ የምናገረውን ቁጣ ሳሰናዳ ሳላጣጥመው አለቀ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ዘይት

ከጣቢያው ጋሪ ያዝኩ። መንገድ ላይ አንድ ጄት ከራሳችን በላይ ሲያልፍ በሁለት እጄ ጭንቅላቴን ይዤ ተደፋሁ። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

«እሱ ለምዶታል» አለ ባለጋሪው እየሳቀ። «እርስዎም አንድ ወር ይቀመጡ፣ ይለምዱታል።»

«ጓድ፣ መታወቂያ!» ተብዬ የአየር ኃይሉን በር ካለፍኩ በኋላ ተስፋዬ መጥቶ አቀፈኝ። ወደ ሜዳው ስንሄድ በግራው በኩል ሆኜ «እናታችን ልካኝ ነው የመጣሁት» አልኩት። ዝም። ደገምኩለት፤ አሁንም ዝም። ንቀት ነው ማለት ነው፤ ደሜ ፈላ።

ሚግ ከሚባለው ጄት ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀን ስንቆም፣ ለእኔና ለሌሎቹ ቤተሰቦች የጆሮ መሸፈኛ አደለን። ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ የማንቆርቆሪያ ፉጨት ይመስላል። ከዚያ ፉጨቱ ጩኸት ሆነ፤ ጩኸቱ የሆነውን ግን ስም አላገኘሁለትም። በጫማዬ ሶል ገብቶ በሆዴ ወጣ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፣ የሸሚዜ ቁልፎች ደረቴ ላይ ተንዘፈዘፉ። ሰው በሠራው ነገር እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም፤ ቁጣዬም ጠፋኝ።

ተስፋዬ ግን በእጁ ምልክት አብራሪውን ያዘዋል፤ ያ ሁሉ ጉድ ለአንድ ጣቱ ይታዘዛል። ኮራሁበት። ከዚያ የግራ መሸፈኛውን ገለጥ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገ። ምን እንደሚሠራ ወዲያው ገባኝ፤ እኔም የሰዓትን ሕመም የማውቀው ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው። የሙያ ነገር ሆኖብኝ እኔም ግራዬን ገለጥኩ። ጆሮዬ ውስጥ ምስማር የተመታብኝ መሰለኝ።

ሞተሩ ሲጠፋ ተስፋዬ በግራዬ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ የለም። ወደ ቀኜ ዞረ።

«አልሰማኸኝም አይደል? እኔ በግራዬ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ሞተር ሲታመም መጀመሪያ የሚናገረው በድምፁ ነው። አብራሪው በእኔ ጆሮ ተማምኖ ነው የሚወጣው።»

«እማዬ በፋሲካ ሦስት ጊዜ ጠርታህ ነበር። ንቆኛል ብላለች።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ? እማዬን?» እንባው መጣ።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ደነቆርኩ ብዬ ላስለቅሳት?»

ማታ፣ ዶሮ ማነቂያ

ስገባ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ነበረች። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ወደ ግድግዳው ጣልኩ። ትከሻዬን በኃይል ስትነቀንቀኝ ደነገጥኩ።

«አንተም?» ትላለች። «አንተም እንደሱ? ስጠራህ!»

በግራዬ ስትጣራ ኖሯል። ሳቅም እንባም ያዘኝ። በቀኜ አስቀምጬ፣ የሚጉን ጩኸትም፣ የልጇን ጣትም፣ የሄደውን ጆሮውንም ነገርኳት። ቁርጧን ልትሰማ የጠበቀች እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «ልጄን በሰው ፊት አማሁት» አለች።

የእኔ ጆሮ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። እስከዚያ ሰዓቶቼን በቀኜ ነበር የማዳምጠው። ያንን ድምፅ ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይንቀጠቀጣል፤ ግርማው እውነት ነው፣ ዋጋውም እውነት ነው። ዝም ያለኝን ሰው ከመቀየሜ በፊት በሌላው ጎኑ ዞሬ መጥራትን የተማርኩትም በዚያ ጉዞ ነው።

በሳምንቱ ተስፋዬ መጣ። ሊመለስ ከደጃፍ ሲወጣ፣ ልጅን ተከትላ የማታውቀው እናቴ ዳቦዋን ይዛ በጎረቤት ሁሉ ፊት ተከተለችው። አልተጣራችም። በቀኙ ዞራ፣ ጆሮው ሥር «ተስፋዬ» አለችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

«አቤት፣ እማዬ» አለ።