በቆጵሮስ ጥድ መሀል፣ አሞሮች የሚያልፉበት የተራራ በር

ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከታክሲ ሥራዬ የሁለት ሳምንት እረፍት ወስጄ፣ ቆጵሮስ የምትኖረውን ታናሽ እህቴን ሰናይትን ላያት። ከተያየን ዘጠኝ ዓመት አልፎናል። ለሰው ያልነገርኩት ሐሳብም ነበረኝ፤ «ሰው ማስታመሙ ይብቃሽ፣ አገር ቤት ሱቅ ልክፈትልሽ» ልላት።

በፍራንክፈርት በኩል ቆጵሮስ፣ ላርናካ ገባሁ። ሰናይት አሮጌ ፒክአፕ እየነዳች መጣች። ተቃቅፈን አለቀስን። መንገዱ የወይኑን ማሳ አልፎ ወደ ተራራው ይጠማዘዛል፤ ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ ቀንሶ የጥድ ሽታ በመስኮት ገባ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

የምታስታምማቸውን ሽማግሌ፣ አቶ ያኒስን ይዘን የአገር ቤቱን ጣርማ በር የመሰለ የተራራ መተላለፊያ ላይ ወጣን። ግራ ቀኙ ጥድ፣ መሀሉ ክፍት ሰማይ ነው። በመስከረም ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚወርዱ አሞሮች በዚያ ያልፋሉ። አቶ ያኒስ ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ በየዓመቱ ይቆጥሯቸው ነበር፤ አሁን የምትቆጥርላቸው እህቴ ናት።

ሐብሐብ በአይብ እየበላን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ምንም የለም። ልናገር አፌን ስከፍት ሰናይት እጇን አነሳች።

«ዝም በይ እትዬ። መጡ።»

እኔ አንዲት ነጥብ እንኳ አላየሁም። ቆይቶ አንድ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሰማዩ ሞላ። ክንፋቸውን ሳያራግቡ፣ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል እየዞሩ ወደ ላይ ወጡ። የአንዱ ጥላ ፊቴ ላይ አለፈ። ሰናይት ቁጥሩን በግሪክኛ ትጠራለች፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ይሰማሉ።

«ያቺ የኋለኛዋ ዘንድሮ የተፈለፈለች ናት» አለችኝ። «መንገዱን አይታው አታውቅም።»

«በምን አወቅሽ?»

«የክንፏ ጫፍ ጠቆር ብሏል።»

አቶ ያኒስ አንድ ነገር አሏት። አንገቷን ደፋች።

«ምን አሉሽ?»

«ከእኔ በልጠሻል ነው የሚሉኝ።»

ስንወርድ መሪውን እንደያዘች፣ «አገር ቤት ልትወስጂኝ ነበር የመጣሽው፣ አይደል?» አለችኝ።

«ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ነገም እዚያው ውሰጂኝ።»

ኦሮራ

ከዴንቨር ኤርፖርት ወደ ቤቴ ስነዳ አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ሳዝንላት፣ ምን እንደምትወድ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ሻንጣዬን ሳልፈታ ደወልኩላት።

«ሰኒ፣ ዛሬስ ምን አለፈ?»

ሳቀች።

«ቁጭ በይ እትዬ፣ ልንገርሽ።»