ሰዓቱ ሳይደርስ አልወጣም
የእህቴ ልጅ ዳዊት አዲስ አበባ ተቀምጦ ሶፍትዌር ይሠራል። እዚህ ቴክሳስ «ወስፌ» የሚባል ካምፓኒ ሲያቋቁም፣ በሥራ ሰዓት አድራሻው ላይ ተገኝቶ ሕጋዊ ወረቀት የሚቀበል ሰው አስፈለገው። ዘመዶቻችን ሁሉ ሥራ ይውላሉ። አዲሰን ከተማ ካለው አፓርትመንታችን የማልወጣው እኔ ብቻ ነኝ።

«ማንበብ አልችልም» አልኩት።

«ጋሼ፣ መቀበል ብቻ ነው። ካመለጠን ግን ካምፓኒው ሊዘጋብኝ ይችላል።»

የካምፓኒው አድራሻ ቤታችን ሆነ። ከዚያ ወዲያ በሥራ ሰዓት በሩ አጠገብ ካለው ወንበሬ ንቅንቅ የለም።

አንድ ቀን የእሳት ደወሉ ጮኸ። ሰው ሁሉ ወደ ፓርኪንጉ ወረደ።

«አባዬ፣ ተነሱ እንጂ!» አለች፣ ያን ቀን ኦፍ የነበረችው ልጄ ማርታ።

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ሲሪየስሊ? ሕንፃው እየተቃጠለ ቢሆንስ?»

«ቢቃጠልም አድራሻው ይኸው ነው።»

እየተጨቃጨቅን ሳለ አንድ ግዙፍ እሳት አጥፊ መጣ። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለኝ። ወንበሬን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ።

«ምን ይላል?»

«በእግርዎ ካልወረዱ እሸከምዎታለሁ ነው የሚለው።»

«ይሞክረኛ!»

እንደ ጤፍ ኩንታል ትከሻው ላይ ጣለኝ። ጀርባውን እየደበደብኩት ደረጃውን ወረድን። ለካ የአንዱ ጎረቤት ድስት አርሮ ኖሯል። ፓርኪንጉ ላይ የቆመው ሰው በስልኩ ይቀርጸኝ ጀመር። ይቅረጽ!

ገና ሳያወርደኝ፣ ፖስታ የያዘ ባለ ክራቫት ሰውዬ «ወስፌ? ወስፌ?» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ሲጠይቅ ሰማሁ።

«ማርታ፣ ቢሮው ይኸው መጣ በይው!» አልኩና ቁልቁል እንደተንጠለጠልኩ እጄን ዘረጋሁ።

ፖስታውን ተቀበልኩ። ከዚያ የእሳት አጥፊውን ጀርባ መታ መታ አደረግኩና፣ «አሁን አውርደኝ» አልኩት።