የምርኩዜ ቀዳዳ

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ገና አልታጨደም። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ስላስደነገጠኝ ብቻ አይደለም፤ ምርኩዜ አያስረሳኝም። ከመያዣው ዝቅ ብሎ አንድ ክብ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ውስጥ የተገመደ የበግ ጠጉር ገብቶበታል። በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ያየው ሁሉ «ይህን የመሰለ ቀዳዳ በምን ወጣ?» ይለኛል። በጋለ ብረት የተበሳ እንጨት ዙሪያው ይጠቁራል፤ የእኔ ግን ንጹሕ ነው። እንግዲህ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልንገር።

ያን ዕለት ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በአውቶቡስ እሄድ ነበር። ክረምቱን ሙሉ የፈተልኩትን የበግ ጠጉር በልቃቂት በልቃቂት አድርጌ በኬሻ ይዣለሁ። ሞላሌ ውስጥ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ አጥብቆ የሚሠራ ሸማኔ አለ። ታናሿ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ስለነበር ባናው ለአራስ ቤት እንዲደርስላት ፈልጌ ነው።

ከጎኔ በመስኮቱ በኩል አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል። የሸራ ቦርሳ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። እኔ ደግሞ አጠገቤ ያለ ሰው የታቀፈውን ሳላውቅ መንገድ አይገፋልኝም።

«ምን ይዘሃል ልጄ?» አልኩት።

«የሥራ ዕቃ ነው እማማ። አናጢ ነኝ።»

«መጋዝ ነው?»

«አይደለም።»

«መዶሻ ነዋ!»

ሳቀ። «ትራፓኖ ነው እማማ፣ እንጨት መብሻ። በባትሪ የሚሠራ ነው፤ ሽቦ የለውም።»

ትራፓኖ አውቃለሁ። መሐል ሜዳ ያለው አናጢ ቤት ረጅም ጭራ ያለው አለ። መብራት ሲጠፋ እሱም ዝም ይላል፤ አናጢውም ደጃፉ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ያለ ሽቦ የሚዞር ግን ሰምቼም አላውቅ። «ሐሰት!» አልኩት። «እውነቴን ነው» አለኝ። ስሙ ጌታነህ ይባላል። ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለች ደብር አዲስ የቤተ ክርስቲያን በር ሊያቆም ነው የሚሄደው። ንግሡ ከነገ ወዲያ ነው። አሮጌው በር ተነቅሏል፤ አዲሱ እንጨት ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው እሱን ነው።

«ላሳይዎት» ብሎ የቦርሳውን አፍ ሲፈታ ረዳቱ ደረሰ።

«ጭን ላይ ዕቃ አይያዝም! ሰው ልጨምር ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ!»

«ይሄን እኔው ልያዘው ወንድሜ» አለ ጌታነህ። «ዕቃ ሊጫንበት አይገባም።»

«ምነው፣ እንቁላል ነው እንዴ?» አለና ከእጁ መንጭቆ ከወንበሩ ሥር፣ ከኬሻዬ ጎን ወተፈው። አልፎም የሰው የገብስ ጆንያ ከመተላለፊያው ጎትቶ ከላዩ ደገፈበት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትንም በልቤ ያዝኩት።

ከከተማው ወጥተን መንገዱ ድንጋያማ ሲሆን፣ አውቶቡሱ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ዘለለ። ያን ጊዜ ከእግሬ ሥር «ትርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ዝም አለ። ሌላ ጉድጓድ፣ ሌላ «ትርርር»።

ከኋላችን የተቀመጠች ማር ነጋዴ ቀድማ ጮኸች። «ንብ ነው! ንብ የያዘ ሰው አለ!»

«ንብ የያዝሽውስ አንቺ ነሽ» አላት አንዱ።

«እኔ ማር ነው የያዝኩት፤ ንቦቹን ቤታቸው ትቻቸዋለሁ!»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ቄስ ዞር ብለው «አትሸበሩ፤ ስልክ ነው» አሉ። «የልጄ ስልክ እንዲህ እያለ ይንቀጠቀጣል።» ሞባይል ገና እንግዳ ነበር። ስልክ ያለው ሁሉ ኪሱን ዳሰሰ፤ የሌለውም ዳሰሰ።

እኔ ግን ነገሩ ገርሞኝ ጆሮዬን አቁሜ መከታተል ያዝኩ። መንገዱ ሲለሰልስ ድምፁ የለም፤ ስንዘል ይመጣል። ንብ ጉድጓድ ቆጥሮ አይጮህም። ከተረከዜም ሥር ወለሉ ይነዝራል። ጌታነህን ለመጠየቅ ዞር ስል ፊቱ ተለዋውጧል። «እማማ፣ ዕቃዬ ሳይሆን አይቀርም። እግርዎን ይሰብስቡ» አለኝ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከኋላ አንድ ሰው «ፈንጂ ነው!» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይሰማል። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ተጋፋ። ጌታነህ «የእኔ ዕቃ ነው፣ አትደንግጡ!» እያለ ቢጮህ የሰማው የለም። ሰዎች ለማለፍ ሲሉ ገብሱ ላይ ወጡ። ያን ጊዜ ድምፁ መቋረጡን ተወና ያለማቆም «ትርርርር» አለ።

ወደ ታች ባይ ኬሻዬ ይንፈራገጣል። በውስጡ የታሰረ ፍየል ያለ ይመስላል። ልብ አድርጉ፣ ክረምቱን ሙሉ የፈተልኩት ነው! ፈንጂውን ረስቼ እጄን ወደ ኬሻው ሰደድኩ። ፈትሉ እየሮጠ ነበር። አንዱ ክር በሌባ ጣቴ ላይ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ ጣቴን ይዞ ወደ ውስጥ ይስበኝ ጀመር። ብጎትት ይብስ ጠበቀ። እንዝርት ሳሾር ኖሬያለሁ፤ እኔን ራሴን የሚፈትል እንዝርት ግን ያን ቀን አየሁ። ምን ብዬ እንደጮህኩ እንኳ አላስታውስም።

ጌታነህ በጉልበቴ ላይ አልፎ ወለሉ ላይ ተደፋ። «ከገብሱ ላይ ውረዱ! የሰው ጣት ይቆረጣል!» አለ። አንዱን ሰውዬ በትከሻው ገፍቶ አወረደው። እጁን ወደ ቦርሳው ከቶ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ፤ ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። በእጁ ላይ ጥቁር፣ የጡብ ቁራጭ የሚመስል ነገር ይዟል። ባትሪው ነው።

ከጣቴ ላይ ክሩን በቀስታ አወለቀልኝ። ጣቴ ጠቁሯል፤ ክሩ የዞረበት ቦታ ቆዳው ተልጦ ይደማል። አጥንቱ ግን ደህና ነበር።

ረዳቱ ግን ደሙን ሲያይ ባሰበት። «ውረድ! አንተም ዕቃህም! ሰው ልታስጨርስ ነበር!» አለ። ከኋላም «ይውረድ! ይውረድ!» የሚል በዛ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ጉም ወርዷል። ከጓሳ ሣርና ከጅባራ በቀር የሚታይ የለም፤ ቤት የሚባል የለም። ያን ቀን ሌላ አውቶቡስ አይመጣም፤ እዚያ ከወረደ ያድራል፤ ካደረም በሩን ነገ አያቆምም። ጌታነህ ቦርሳውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

ያናደደኝ ይሄ ነው። የቆሰልኩት እኔ፣ ንብረቴ የተበላሸው የእኔ፣ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።

«ቁም!» አልኩት ጌታነህን። ወደ ረዳቱ ዞርኩ። «የቆሰለው የማን ጣት ነው?»

«የእርስዎ ነው እማማ።»

«ፈትሉስ?»

«የእርስዎ።»

«ታዲያ ተበዳይ ሳይናገር የሚፈርድ ዳኛ ከየት መጣ?»

ቄሱም «እውነት ነው፤ እሳቸው ይናገሩ» አሉ።

ጌታነህን ትራፓኖውን አውጣ አልኩት። አወጣው። የሚገርም ነገር ነው፤ እጀታው እንደ ሽጉጥ፣ ምላጩ እንደ ሽጉጥ። አፉ ላይ ፑንታ የሚሉት ጥምዝ ብረት ተሰክቷል፤ የእኔ ፈትል በላዩ ላይ ተቆልሎ ቆብ ያጠለቀ መስሏል። ፑንታው ሸራውን በስቶ፣ ኬሻዬን በስቶ ነው የገባው።

«ማንም ሳይነካው እንዴት ዞረ?»

«ገብሱ ምላጩን ሲጫነው ነው እማማ።»

«ባትሪውስ ለምን ገብቶ ተቀመጠ?»

አንገቱን ደፋ። «ማውጣት ነበረብኝ። ፑንታውንም መንቀል ነበረብኝ። ይቺን ቁልፍ መሀል ላይ ባደርጋትም ምላጩ ይቆለፋል፤ እሷንም አላደረግኩም። ጠዋት ሥራ ጨርሼ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ነበር።»

«ስማ» አልኩት። «በአገራችን ሰው መሀል የሚገባ ሰው ጠመንጃው ያጎረሰ ከሆነ ጥይቱን ያወጣል። አንተ አጉርሰህ ገባህ። ጥፋተኛ ነህ።»

ረዳቱ ፈገግ አለ።

«አንተ አትሳቅ፤ ገና አልደረስኩብህም! እኔው ልያዘው፣ ዕቃ አይጫንበት እያለህ ከእጁ ነጥቀህ ገብስ የጫንክበት አንተ ነህ። አጉርሶ የገባው እሱ፣ ምላጩን የሳብከው አንተ። እሱ የሚወርድ ከሆነ ሁለታችሁም ውረዱ፤ በጉሙ ውስጥ ተያይዛችሁ ሂዱ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ሾፌሩ ከፊት ሆኖ «እማማ፣ ረዳቴንስ አይውሰዱብኝ! ይሄ በር ያለ እሱ ጉልበት አይዘጋም» አለ።

«እንግዲያስ ሁለቱም ይሳፈሩ። ትራፓኖው ወደ ባለቤቱ ጭን ይመለስ። ባትሪው ሞላሌ እስክንገባ እኔ ዘንድ ይቆያል። ያወሳሰባችሁትን ፈትል ሁለታችሁ እየፈታችሁ ትሄዳላችሁ።»

የተቃወመ የለም። «ይውረድ» ይል የነበረውም ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጌታነህ «ወደ ኋላም ይዞራል እኮ፤ አዙሬ ልፍታው?» አለኝ። ወደ ኋላ መዞሩን ለማየት ልቤ ቢቋምጥም «በእጅ!» አልኩት። የተወሳሰበ ክር በጥድፊያ ሲፈታ እንዴት እንደሚብስበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ረዳቱ አንዱን ጫፍ ይዞ መተላለፊያው ላይ ቁጢጥ አለ።

«እኔ ረዳት ነኝ ወይስ ፈታይ?» እያለ ያጉረመርማል።

«ገብስ ጫኝም ሆነሃል፤ ፈታይነት አይከብድህም» አለችው ማር ነጋዴዋ።

እኔ ባትሪውን አገላብጬ አየሁት። ይከብዳል፤ አይሞቅም፤ አይሸትም። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ ዝም ነው። ምን ይበላል፣ መቼ ይጠግባል፣ ዝናብ ቢነካውስ እያልኩ ጌታነህን እስከ ሞላሌ አላስቀመጥኩትም። እሱም አንዱንም ሳይሰለች መለሰልኝ።

ሞላሌ ስንወርድ «እንግዲህ ባትሪዬን» አለኝ።

«ሲሠራ ሳላይ?»

ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። «ለአንድ ቀዳዳ ጊዜ አለኝ» አለ። የሚበሳ ነገር ጠፋ። ባትሪውንም ምርኩዜንም ሰጠሁት።

ምርኩዜን መናኸሪያው ላይ ከወደቀ ግንድ ጋር፣ የመያዣውን በኩል ወደ ውጭ አውጥቶ፣ በገመድ አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «የሚበሱት እርስዎ ነዎት» አለ። ነጠላዬን አስወልቆ ለማር ነጋዴዋ አስያዘ። የሻሼን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገባኝ፤ እጅጌዬን እስከ ክርን አስጠቀለለኝ።

«የሚዞር ነገር የተንጠለጠለ ይወዳል እማማ።»

«ይህን ለቆሰለ ጣት አትንገር» አልኩት።

ረዳቱ ሊረዳ ፈልጎ ምርኩዙን ከሥሩ በመዳፉ ደገፈ። ጌታነህ ጮኸበት፤ «እጅህን አንሣ! በስቶ ሲወጣ የሚያገኘው አንተን ነው!» ረዳቱ እሳት እንደነካው ዘለለ። በእጁ ፋንታ ቁራጭ ጣውላ ከሥር ገባ።

«ፊትዎን ከላዩ ያርቁ፤ ብናኙ ዓይን ይገባል። በሁለት እጅ ይያዙ። ቀስ ብለው ይሳቡት። አይግፉት፤ እሱ ራሱ ይበላል።»

ምላጩን ሳብኩ። እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ምርኩዜ ወይራ ነው፤ መጥረቢያ የሚመልስ እንጨት ነው። ከፑንታው ዙሪያ ግን እንደ በሶ የላመ ብናኝ እየተከመረ ወጣ። በስቶ ሲያልፍ ወደ ፊት ሸርተት አለብኝ። ተደግፌው ቢሆን ኖሮ በፊቴ እደፋ ነበር። ሰው አጨበጨበ። እኔ ብረቱን ልነካው እጄን ሰደድኩ።

«እንዳይነኩት፣ ይፋጃል!»

እንዲህ ብሎ ትራፓኖውን ተቀበለኝ። ማንም ሳይጠይቀው መጀመሪያ ባትሪውን አወጣ፤ ከዚያ ፑንታውን ነቀለ፤ ለየብቻቸው ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። ከቀዳዳውም ይበልጥ ደስ ያለኝ ይህን ማየቴ ነው።

የተበጣጠሰውን ፈትል ልጥለው ስል ረዳቱ ተቀበለኝ። ልጅ ሳለ ጅራፍ ሲገምድ ያደገ ኖሮ፣ ቁጭ ብሎ ገመደውና በቀዳዳው አሳለፈልኝ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለ። ይቅር አልኩት።

ለንግሡ ወደዚያች ደብር ሄድኩ። በሩ ቆሟል። ሰው ሲሳለም እኔ ተሳልሜ ሳበቃ ማጠፊያዎቹን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ በሩን ከፈት ዘጋ አደረግኩት፤ ድምፅ የለውም። ዘበኛው «እማማ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ» አለኝ። ባናው በተበላሸው ፈትል ምክንያት ጠበብ ብሎ ቢወጣም ልጄና አራስ ሕፃኗ ተጠቅልለውበት ከርመዋል።

ዛሬ አማቼም እንዲህ ያለ ትራፓኖ ገዝቷል። ደጄ ላይ ሲሠራ እኔም ወንበሬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ሲዞር ማየት እስካሁን አልጠገብኩም። ዕቃውን መሬት ባስቀመጠ ቁጥር ግን «አጉርሷል?» እለዋለሁ። መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፤ አሁን ሳልጠይቀው ባትሪውን አውጥቶ ያሳየኛል።

ያንን ቀን ሳስብ ድንጋጤው ጠፍቶልኛል። የቀረኝ መገረም ነው፤ በዚያ ጉም ውስጥ ሰው ጥለን ልንሄድ ምን ያህል ትንሽ ቀርቶን እንደነበር። ብርድ ሲሆን ያቺ ጣቴ ትቆረጥመኛለች። የምርኩዜንም ገመድ ሁሉም ሰው «እጅዎ ላይ ያጥልቁት፣ እንዳይወድቅብዎ» ይለኛል። አላጠልቀውም። ከግድግዳው ምስማር ላይ ነው የምሰቅለው።