«እሱን ተወው፤ አንተስ?»

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አጎቴ ሶማሌ ተራ በነበረው የብርድ ልብስ ሱቃቸው ውስጥ አንድ ሰበብ አይቀበሉም ነበር። ያጠፋ ሰው «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ሲላቸው፣ «እሱን ተወው፤ አንተስ?» ይሉታል።

ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ ሰይጣን ማለት የሆነውን «ዴቪል» የሚለውን ቃል ትርጉም ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አነበብኩላቸው። እንግሊዞች የሚያሳዝነውንም ዕድለኛውንም ሰው በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ ሰይጣንም ቢሆን የሚገባውን ምስጋና አይነፈግ የሚል አባባልም አላቸው። ጋሼ ተቆጡ። «እኛ ጥፋታችንን እናሸክመዋለን፣ እነሱ ደግሞ ያመሰግኑታል? ዘመዳቸው ነው እንዴ?»

ጋሼ የሞቱ ጊዜ፣ ቀበሌ ቀርቦ በሐሰት መስክሮ ከሱቁ ያስወጣቸው ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ «ከጋሼ ጋር እኮ ክፉ ነገር አልነበረንም፤ ሰይጣን መሃላችን ገብቶ ነው» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች «እውነት ነው፣ የእሱ ሥራ ነው» እያሉ አገዙት። አንድ ሰው እንዲጠይቀው ጠበቅሁ። ጠያቂው ግን ተቀብረዋል።

«እሱን ይተውትና፣ እርስዎስ?» አልኩት።

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰውየው ውሃ ጠይቆ ጠጣና ተነስቶ ወጣ።

ጋሼ፣ ጠይቄልዎታለሁ። እስካሁን አልመለሰም።