ካሴቱ ሲገለበጥ

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻ ልጄ ሕሊና የሠርጓን ዲጄ ይዛብኝ መጣች። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ላፕቶፑን ተሸክሞ የወጣ፣ ትንፋሹ ገና ያልተመለሰለት ጨዋ ልጅ ነው፤ ውሃ ቀድቼለት ሳልጨርስ ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ ዘፈን ያሰማኝ ጀመር። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ከሥሩ ይገባል፣ እሱም ሳያልቅ ሌላው ይከተላል፣ የቱ ጋ እንዳለቀ የቱ ጋ እንደጀመረ ሰው አያውቅም። "እማማ፣ የእኔ ሥራ ክፍተት የለውም፤ ከምሳ እስከ ማታ አንዲት ሰከንድ ዝም አይልም" አለኝ በኩራት። ሕሊና ደግሞ ጉልበቴን ይዛ "እማዬ፣ በሞቴ አንድ ዘፈን አንቺ ምረጪልኝ" ትለኛለች። ምኑን እመርጣለሁ? በእኔ ሠርግ እንኳ የመረጥኩት እኔ አልነበርኩም፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው የመረጡልኝ።

ያኔ ጀሞ የሚባለው ገና የገበሬ ማሳ ነው፣ እኛ የምንኖረው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ነበር፤ የእኛ ቤትና የእትዬ ዘነበች ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተጣበቁ ስለነበሩ አባቴ ሲያስነጥስ ከግድግዳው ወዲያ "ይማርዎት" ይባላል፣ የእነሱ ሽሮ ሲንተከተክ ደግሞ የእኛ ምራቅ ይሞላል፤ ከዚያ ግድግዳ የሚደበቅ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። እትዬ ዘነበች ባላቸው ከሞተ በኋላ የቀራቸው አንድ ልጅ ደረጀ ነው፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ የሰፈሩ ቴፕ ሐኪም። ራዲዮኑን ከቴፑ ጋር ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ እኛን ሁሉ "ትንፋሽ እንዳትሉ!" ብሎ ገስጾ ዘፈን ይቀዳል፤ እኛ ዝም ብንል ዶሮው መች ዝም ሊል፣ አንዱ ዘፈን መሃል ላይ የእኛ አውራ ዶሮ ከነሙሉ ክብሩ ይጮሃል። እስከ ዛሬ ያ ዘፈን ሌላ ቦታ ሲከፈት ዶሮው የተቆረጠበት ይመስለኛል።

የታጨሁ ዕለት ደረጀ "ዘፈኑን ለእኔ ተዪው" ብሎኝ ነበር። ሦስት ካሴት ቀድቶ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ሠርግ 1"፣ "ሠርግ 2"፣ "ሠርግ 3" ብሎ ጽፎ፣ እኔ ጋ አስቀመጠ። ሠርጌ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በጠራራ ፀሐይ መጥተው ወሰዱት፣ በአምስተኛው ቀን መሞቱ ተነገረ። ቀይ ሽብር ነው። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ድንኳን አይጣልም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ሬሳም አይሰጥም። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እንኳ ሳያዘቀዝቁ፣ እንደ ወትሮው በራፋቸውን ጠርገው፣ እንደ ወትሮው "እንደምን አደራችሁ" ብለው ያልፉ ነበር። እኔስ ብትሉ፣ ድንዝዝ አልኩ። አብሮኝ ያደገ ልጅ ሞቶ እንባ አልመጣልኝም፤ ቬሎ ሊያስለኩኝ ሲወስዱኝ እሄዳለሁ፣ ብዪ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ሌላ ሰው የሚዳር ይመስል አያለሁ።

ጭንቁ የመጣው ከዘፈኑ ነው። በአገራችን ወግ ጎረቤት ሐዘን ካለ ሙዚቃ አይከፈትም፤ የማይቀር ሠርግ ከሆነ ደግሞ ሐዘንተኛው ዘንድ ተሂዶ ፈቃድ ይጠየቃል። አሁን ግን ሐዘን የለም ተብሏላ! ፈቃድ መጠየቅ "ሐዘን ላይ ነሽ" ማለት ነው፣ ያ ደግሞ እሳቸውንም እኛንም ያስጠይቃል። ሠርጉን ብናራዝም "ለማን ብላችሁ?" እንባላለን። ሳንጠይቅ ከፍተን ብንጨፍር ደግሞ በምን ዓይናችን እናያቸዋለን? እናቴ ሁለት ቀን ስትብሰለሰል ከርማ በሦስተኛው ካሴቶቹን በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ሂጂና ዘነቡን ዘፈን አስመርጫት" አለችኝ። "ሌላ ምንም እንዳትይ።"

ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ምስር እየለቀሙ ነበር። ካሴቶቹን ጭናቸው ላይ ሳስቀምጥ ፊደል ባይቆጥሩም ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ አላጡትም፣ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ዳበሱት። እኔ በልቤ ጸጥ ያለውን፣ የክራር ብቻ የሆነውን ይመርጣሉ ብዬ ነበር፤ እናቴም እሱኑ ዝቅ አድርገን ልናሰማ ነበር ሐሳቧ።

"ከነዚህ ውስጥ ድምፁ የሚበረታው የቱ ነው?" አሉኝ።

"ሦስተኛው፤ የጉራጊኛ ጭፈራ ነው፣ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ።"

"እሱን ክፈቱ። ልጄ፣ እንዳትቀንሱት አደራ።"

ለእናቴ ስነግራት "ውይ ዘነቡ፣ አእምሮዋ ተነክቷል" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

የሠርጉ ዕለት፣ ሰዓት እላፊ ስላለ ሁሉም ነገር በቀን ነው፣ ዳሱ ከቤታችን እስከ እትዬ ዘነበች ግድግዳ ድረስ ተጥሏል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ገና ትኩስ ስለነበር ሽታው ከወጡ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ይሞላል። የቀበሌው ሊቀመንበር የክብር እንግዳችን ሆኖ ጀርባውን ለዚያው ግድግዳ ሰጥቶ ቁርጡን ይቆርጣል። እትዬ ዘነበች "አሞኛል" ብለው ቀርተዋል። ወንድሜ ሽመልስ "ሠርግ 3"ን ከፍቶ ሰዉ ትከሻውን ሲሰብቅ እኔ ቬሎዬን ላስተካክል ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባሁ፣ ከግድግዳው አጠገብ። ከከበሮው ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የካሴቱ መሰለኝ፤ ጆሮዬን ወደ ጭቃው ሳስጠጋ እትዬ ዘነበች ናቸው፣ "ደረጀ! ደረጀዬ!" እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ልክ በጭብጨባው ምት እየደቁ፣ ድምፃቸውን ለቀው ያለቅሳሉ። ለካ ሴትዮዋ ዘፈን አልነበረም የመረጡት፣ መሸፈኛ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ብቻ ታሰበኝ፤ ካሴቱ አንዱ ገጹ ሊያልቅ ነው።

ሮጬ ወጣሁና ከባሌ ጎን ተቀመጥኩ። ለማን ይነገራል? ቴፑ ቷ ብሎ ቆመ። ሽመልስ ካሴቱን ሊገለብጥ ሲያወጣ ቴፑ ክሩን በልቶት ኖሯል፣ የሚያጠነጥንበት እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል፣ ጭፈራው ተቋረጠ፣ ከግድግዳው ወዲያ "ደረ..." የሚል ነገር ተሰማ፣ ሊቀመንበሩም ጉርሻውን እንደያዘ ዘወር አለ። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ በምትቀመጥበት ዘመን፣ እኔ ብድግ ብዬ እልልታዬን ለቀቅኩት! እልል ብዬ፣ አጨብጭቤ፣ ለራሴው ሠርግ ራሴው ዘፈን አወጣሁ፣ ድምፄ ደግሞ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። "ወይ ጉድ፣ ይቺስ ለባሏ ቸኩላለች!" አለ ሊቀመንበሩ፣ ፊቱን ወደኔ መልሶ። እናቴ መጀመሪያ በሐፍረት ልትሞት ደረሰች፤ ከዚያ ዓይኔን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ትሪ አንስታ በሁለት እጇ ትደልቀው ጀመር። ሽመልስ ካሴቱን አጠንጥኖ፣ ገልብጦ እስኪከፍት ድረስ አላቆምንም። ሲከፍተው እናቴ "ከፍ አድርገው፣ አሁንም ከፍ!" አለችው።

ለመልስ ስመጣ እትዬ ዘነበች ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድምፃቸው ጭራሽ ተዘግቷል። ሴቶቹ "ዘነቡ፣ አሞኛል ብለሽ ለካ ቤትሽ ሆነሽ ስትዘፍኚ ነው የዋልሽው" እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸው እጄን ይዘው በዚያች በተዘጋች ድምፃቸው "አዎን፣ ወጥቶልኛል" አሉ።

ባሌ ነፍሱን ይማረውና ለዓመታት "በገዛ ሠርጓ እልል ያለች" እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ምክንያቱን ደርግ ከወደቀ በኋላ ነገርኩት፣ ከዚያ ወዲህ ያቺን ቀልድ ተዋት። እትዬ ዘነበችም አልፈዋል፣ ግድግዳውም ከነሰፈሩ ፈርሷል። እኔ ግን ያ ድንዛዜ ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ አይመስለኝም፤ ሠርግ ቤት ሰው ሲጨፍር ጆሮዬ ዘፈኑን ትቶ ከሥሩ ያለውን ይፈልጋል። እዚህ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ባለፈው ወር የፕላስቲክ ወንበር በደረጃው ሲወጣ አይቼ፣ ከሳሎኔ ግድግዳ ወዲያ ያሉት ሰዎች ሊድሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለቅሶ መሆኑን ያወቅኩት በሦስተኛው ቀን ነው። እነዚያን ሦስት ቀን ቴሌቪዥኔ እንደተከፈተ ነበር።

ዲጄው እየጠበቀኝ ነው። ሕሊናም አልለቀቀችኝም።

"ዘፈኑን እናንተ ምረጡ" አልኳቸው። "ለእኔ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ለሁለት ደቂቃ ዝም አድርጉልኝ።"

"ምን ሊደረግበት እማዬ?"

"ይበላበታላ" አልኳት። ዲጄውም የፈለግኩትን መጻፍ ስላለበት፣ ከሁለት ዘፈን መሃል "የእማማ ዝምታ" ብሎ መዘገበልኝ።