ኤሲው የሚሰቀልበት ግድግዳ

ኤሲ ገጣሚው ግትር ነው፤ ሰው በሚቀመጥበት ሁሉ ራሱ ሳይቀመጥ ግድግዳ አይበሳም። የቤቱ ጌታ በበኩሉ «እንግዳ የሚያየው ሳሎን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ!» ብሏል። ገጣሚው ሶፋውንም ወንበሩንም በየተራ ተቀምጦ ሲሞክር፣ የቤቱ ጌታ እናት ከመኝታ ክፍላቸው ተጣሩ።

«እኔ ጋስ አትቀመጥም?»

ገብቶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«በል እዚሁ ስቀለው» አሉት።

«እማማ፣ ቅዝቃዜው ለአጥንትዎ አይሆንም።»

«ብርድ ልብስ ምን ሥራ አለው? ይልቅ ሙቀቱ ሲብስባቸው ሁሉም እየተንጋጉ እኔ ጋ ይመጣሉ።»

ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። የገጣሚውን መሰላል ከሳሎን ራሱ ተሸክሞ ወደ እናቱ ክፍል አስገባ፤ ከዚያም አጠገባቸው ቁጭ አለ።