ኬላ ላይ የገጠምኩት እርሳስ

ይህ የሆነው ጦርነቱ ወደ እኛ እየተጠጋ ነው በተባለበት ሰሞን ነው። ጊዜው ቢርቅም፣ ዛሬም ትንሽ ሞላ በጣቴ ስይዝ ያ ቀን ይመጣብኛል።

እኔ ሐይቅ ከተማ አሮጌ ዕቃ እጠግናለሁ። ሰዓት፣ ብዕር፣ ጃንጥላ፣ የመጣልኝን እፈታለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁም ነው የተማርኩት። ስለዚህ አንድ ልማድ አለኝ። የፈታሁትን ዕቃ ሆዱን ወረቀት ላይ እስልና እያንዳንዱ ብልት የወጣበትን ተራ በቁጥር አሰፍራለሁ። አለዚያ መልሼ መግጠሙ ይጠፋኛል።

ውጫሌ ጋሼ ይማም የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ አሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ የሠሩበት፣ ጫፉን ሲጫኑት የሚጽፈውን ቀጭን ፍሬ ብቅ የሚያደርግ የብረት እርሳስ አላቸው።

"ፍሬው ይወጣል፣ ወረቀት ሲነካ ግን ተመልሶ ይገባል። ከእኔ ቀድሞ ሊሞት ነው ዘሀራ" ብለው አስጠሩኝ።

እዚያው ፈታሁት። ፍሬውን ነክሰው የሚይዙ ሦስት ትንንሽ መንጋጋዎች አሉት። እነሱን የሚያጠብቀው ቀለበት የሰፋ መሰለኝ። ቤቴ ሌላ ቀለበት ስለነበረኝ ብልቶቹን በሥዕሌ ጠቅልዬ፣ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ከትቼ፣ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። አንድ ረጅም ሚሊሻ ቆርቆሮዬን ከፈተው። የነሐስ ቱቦ፣ ሞላ፣ ቀለበት። ወረቀቱን ሲዘረጋው ደግሞ ቀስት፣ መስመር፣ ቁጥር። ፊቱ ተለወጠ፤ ፈንጂ መስሎታል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እርሳስ ነው።"

"እርሳስ ሞላ አለው እንዴ? እርሳስ የማላውቅ አደረግሽኝ!"

ሰው ሁሉ ከእኔ ሸሸ። መንገድ ላይ ዳቦዋን ያካፈለችኝ ሴት እንኳ "ወላሂ አላውቃትም፣ አሁን ነው ያየኋት" አለች። አልፈርድባትም። ያን ሰሞን ተጠርጥሮ የተወሰደን ሰው ፍለጋ ቤተሰቡ ሲንከራተት እናይ ነበር። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ እግሯ የማይሄድ እናት አለችኝ፤ ከእኔ በቀር የሚያነሳት የለም። ዛሬ ካልገባሁ ማን ያገላብጣታል አልኩ በሆዴ።

"እርሳስ ከሆነ ግጠሚውና ይጻፍ። ካልጻፈ አትሄጃትም" አለኝ።

መጻፍ ያቃተው እርሳስ መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገረው!

አስፋልቱ ዳር ተንበረከክኩ። ሻሼን አንጥፌ ብልቶቹን ደረደርኩ። ጠመንጃው ከጀርባዬ ነው። ሞላው ፈትለክ ብሎ ሊያመልጠኝ ነበር። የሥዕሌን ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት እያነበብኩ ገጠምኩት። ተጫንኩት፣ ፍሬው ወጣ። ወረቀቱን ሲነካ ግን ሽው ብሎ ገባ።

"አየሽ!" አለ ሚሊሻው።

"ቆይ ወንድሜ፣ ታሟል እኮ! ጤነኛ ቢሆን እኔ ዘንድ ምን ያመጣዋል?"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ወዲያው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

እንደገና ፈታሁት። ቀለበቱን በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ጥብቅ ነው። ለካ ተሳስቼ ኖሯል። ታዲያ ምኑ ነው? መንጋጋዎቹን ወደ ፀሐይ አነሳኋቸው። የፍሬው ጥቁር ዱቄት ለዓመታት ተጋግሮ በላያቸው እንደ ድድ ሆኗል። ጥርሳቸው ስለተሸፈነ ነው ፍሬው የሚያዳልጣቸው።

ከሻሼ ጫፍ ክር መዝዤ በመንጋጋዎቹ መሃል አመላለስኩት። ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሌላ መዘዝኩ፣ ደግሞ ሌላ። ቢስሚላህ ብዬ ገጠምኩና ተጫንኩት። ጠቅ።

ወረቀቱ ጥግ ላይ ስሜን ጻፍኩ። ፍሬው አልገባም።

ሚሊሻው ነጠቀኝ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገው። "ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው!" አለና ድምፁ ለዘብ አለ። "እታለም፣ ከፊት ሌላ ኬላ አለ። ይሄን ሥዕል ሲያዩ ደግመው ያንበረክኩሻል።" ወረቀቱን የጠመንጃው ሰደፍ ላይ ዘርግቶ በዚያው እርሳስ ጻፈበት፦ "ተፈትሿል። እርሳስ ነው። ትለፍ።"

አለፍኩ። የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ እናቴን አገላበጥኳት።

መንገዱ በጦርነቱ ስለተዘጋ እርሳሱ ለጋሼ ይማም የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለታችንም በሕይወት ቆየን። ታሪኩን ስነግራቸው ወረቀቱን ለእኔ ስጪኝ አሉኝ፤ እምቢ አልኳቸው። ቆርቆሮዬ ውስጥ ነው።

በሚሊሻው አልቀየምም። ቱቦውን ሲያነሳ እሱም ፈርቶ፣ ከፊቱ አርቆ በጣቶቹ ጫፍ ይዞት እንደነበር ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ዛሬም የምፈታውን ሁሉ እስላለሁ። ቁጥር ከማስፈሬ በፊት ግን፣ ከላይ በትልልቁ፣ የዕቃውን ስም እጽፋለሁ።